የዕፅዋት ናኖ ቅንጣትና የፋብሪካ ፍሳሽ፦ ቅጠል የተበከለ ውኃን ያጣራልን?

በቀወት ወረዳና በሸዋ ሮቢት ዙሪያ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ አርሶ አደር ሀብቱ ውኃው ነው። ይሁን እንጂ የጠራ ውኃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ክሮሚየምን፣ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ፍሳሽ ደግሞ በቀላሉ የማይበሰብስ ማቅለሚያን ሊይዝ ይችላል። ከይፋት በስተሰሜን በኮምቦልቻ የፋብሪካ ፍሳሽ ወደ ቦርከና ገባር ወንዞች ይገባል፤ ቦርከናም ወደ አዋሽ ይወርዳል። የሸዋ ሮቢቱ ሮቢ ወንዝም በዚሁ የአዋሽ ተፋሰስ ውስጥ ይገኛል።

ናኖ ቅንጣት ምንድን ነው?

መጠኑ ከ1 እስከ 100 ናኖ ሜትር የሆነ ደቂቅ ቁስ ነው። አንድ ናኖ ሜትር የአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። ቁስ እጅግ ሲደቅ ውኃ የሚነካው ገጽታው ስለሚሰፋ በካይ ነገርን የመያዝ አቅሙ ይጨምራል።

እንዴት ይዘጋጃል?

ቅጠሉ ታጥቦና ደርቆ በንጹሕ ውኃ ይፈላል፤ ከዚያም ይጣራል። ጭማቂው እንደ ብረት፣ ዚንክ ወይም መዳብ ካሉ የማዕድን ጨዎች ሙሙት ጋር ይቀላቀላል። በቅጠሉ ውስጥ ያሉ ውሕዶች ማዕድኑን ወደ ደቂቅ ቅንጣት ይለውጡታል፤ እርስ በርስ እንዳይጣበቅም ይሸፍኑታል። ማዕድኑ የሚገኘው ከጨው ነው፤ ቅጠሉ የሚተካው በተለመደው ዘዴ የሚያስፈልጉትን ጎጂ ኬሚካሎች ነው። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከኮሶ ቅጠል የመዳብ ናኖ ቅንጣት ሠርተው በባክቴሪያዎች ላይ ፈትሸዋል።

ፍሳሹን እንዴት ያክማል?

የብረት ናኖ ቅንጣት መርዛማውን የክሮሚየም ዓይነት ወደ አነስተኛ ጉዳት ወዳለው ይለውጣል። የዚንክ ኦክሳይድ ቅንጣት ደግሞ ብርሃን ሲያገኝ ማቅለሚያን ይሰባብራል።

ገደቡስ?

ክሮሚየም ከውኃው ቢወጣም አይጠፋም፤ በዝቃጩ ውስጥ ስለሚቀር ዝቃጩ በጥንቃቄ መወገድ አለበት። ቅንጣቱ ራሱም ወደ ወንዝ ካመለጠ ሌላ ብክለት ይሆናል። ስለዚህ ሥራው የፋብሪካና የቤተ ሙከራ እንጂ የማሳ ላይ ሙከራ አይደለም። በብዙ አካባቢ ድፍርስ ውኃን ለማጥራት የሚያገለግለው የሽፈራው ፍሬም ጭቃን ያዘቅጣል እንጂ በውኃው ውስጥ የሟሙ መርዛማ ማዕድናትን ለማስወገድ አስተማማኝ አይደለም።

በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት ፍሳሽን ከምንጩ የመቆጣጠር ኃላፊነት የአመንጪው ነው። የመስኖ ውኃው ቀለም ወይም ሽታ የተለወጠበት አርሶ አደር ውኃውን ለማሳና ለከብት ከማዋሉ በፊት ለወረዳው የግብርናና የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች ማሳወቅና እንዲመረመር መጠየቅ ይገባዋል።