የፈቃድ ፈተናውና የባግዳዱ ሽማግሌ

ጓደኛችን ከሰው ከራቀች አራተኛ ወሯን ይዛለች። ሕክምና ተመርቃለች። ነጭ ጋውኗ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እሷ ደግሞ ላፕቶፗ ላይ ተተክላለች። ቡና እንጠጣ ስንላት «ስቴፕ ዋንን ልገላገል» ትለናለች። ሠርግ ስንጠራትም መልሷ ያው ነው። ለአሜሪካ የሐኪምነት ፈቃድ ከሚያበቁት ፈተናዎች የመጀመሪያው መሆኑ ነው፤ በአንድ ቀን እስከ 280 የምርጫ ጥያቄ! ባለፈው እሑድ ቤቷ ድረስ ሄድን። ዓይኗ ቀልቷል። «ሰው ማከም ተምሬ፣ ሰው ካየሁ ቆየሁ እኮ» አለችን።

እኛ ጋዜጠኝነት ያጠናነው ለመጻፍ ፈቃድ ፈተና አልተቀመጥንም። («ያስታውቃል» ያላችሁ ሰምተናችኋል።) እሷን ማጽናናት ሲያቅተን ቢያንስ ይህን ፈተና ማን እንዳመጣው እንፈልግ አልን። ፍለጋው ባግዳድ አደረሰን።

ነገሩ የጀመረው በሞተ ሰው ነው

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 931 ነው። ባግዳድ ውስጥ አንድ በሽተኛ በሐኪሙ ስህተት ሞተ። ወሬው ኸሊፋው አል-ሙቅተዲር ጆሮ ደረሰ። ኸሊፋውም የሐኪሞቹ አለቃ ሲናን ኢብን ሳቢት ፈትኖ ያላሳለፈው ሰው እንዳያክም አዘዘ። ከ860 በላይ ሰዎች ለፈተና ቀረቡ። በዝና የታወቁትና የቤተ መንግሥቱ ሐኪሞች ግን አይፈተኑም ነበር። (ይህቺ ልማድ አድራሻዋን ስንት ጊዜ እንደቀየረች ለእናንተ ትተናል።)

የዓረብ ጸሐፍት ስለዚያ ፈተና አንድ ጨዋታ ያወራሉ። ልብሱ ያማረ፣ ግርማ ሞገስ ያለው ሽማግሌ ሲናን ዘንድ ገባ። ሲናን አክብሮ አስቀመጠው፤ ሌሎቹን ሲጨርስ መምህሩ ማን እንደነበር ጠየቀው። ሽማግሌው ከእጅጌው ወርቅ አውጥቶ ፊቱ ዘረገፈና እውነቱን ተናገረ፤ የረባ ንባብም ጽሕፈትም የለውም፣ ግን ቤተሰብ የሚያስተዳድረው በዚሁ ሙያ ነው። እንጀራውን እንዳይቆርጥበት ለመነው። ሲናን ሳቀ። ከዚያም የማያውቀውን በሽታ እንዳይነካ፣ ደም እንዳያፈስ፣ ከቀላል ሕመም በቀር የሚያስቀምጥ መድኃኒት እንዳይሰጥ ቃል አስገብቶ አሰናበተው። በማግስቱ አንድ ወጣት መጣ። መምህሩ ማን እንደሆነ ሲጠየቅ አባቴ ነው አለ፤ አባትዬው የትናንቱ ሽማግሌ ሆኖ ተገኘ! ሲናንም ከአባቱ መንገድ እንዳይወጣ አስጠንቅቆ ለቀቀው።

እኛም ስቀናል። ቆይተን ስናስበው ግን የሲናን ፍርድ ከሳቅ ያለፈ ነገር አለው። ለሽማግሌው ያወጣለት ሕግ ስንት ገጽ እንደሸመደደ አይጠይቅም፤ እውቀትህ የሚያልቅበትን ቦታ እወቅ፣ ከዚያ አትለፍ ነው የሚለው። በሽተኛ የሚሞተው ብዙ ጊዜ እዚያ ድንበር ላይ ነዋ!

በሽተኛው ከክፍሉ ሲወጣ

ወደ አሜሪካ እንሻገር። እዚያ እያንዳንዱ ግዛት የየራሱ ፈተና ነበረው። በ1915 ዊልያም ሮድማን የተባለ የፊላደልፊያ ቀዶ ሐኪም ብሔራዊ የፈታኞች ቦርድ አቋቋመ፤ የመጀመሪያውን ፈተና ሳያይ ግን በ1916 መጋቢት ላይ ሞተ። ፈተናው በዚያው ዓመት ጥቅምት ውስጥ ዋሽንግተን ላይ ተሰጠ። አንድ ሳምንት ፈጀ፤ ጽሑፍ፣ የቃል ጥያቄ፣ ላቦራቶሪ፣ ከዚያም በሽተኛው አልጋ ዳር ቆሞ መመርመር። 10 ሰዎች ተቀመጡ፣ 5 አለፉ።

ተፈታኙ ሲበዛ ነገሩ ተቀየረ። በ1950ዎቹ የምርጫ ጥያቄ ገባ፤ በ1960ዎቹ የአልጋ ዳሩ ፈተና ቀረ። የውጭ ተመራቂዎችን የሚያጣራው ተቋም በ1956 ተመሠረተ፤ ከ1992 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ለአሜሪካዊውም ለውጭ ተመራቂውም አንድ ፈተና ሆነ። በሽተኛውም ተመለሰ፤ በ1998 ለውጭ ተመራቂዎች፣ በ2004 ለሁሉም። ይህኛው ግን በሽተኛ መስሎ የሚተውን ሰው ነበር። የኛ አገር ልጆች ያን ለመፈተን ቪዛ ለምነው፣ ከ1,000 ዶላር በላይ ከፍለው አሜሪካ ድረስ መሄድ ነበረባቸው። ኮሮና በ2020 አቋረጠው፤ በ2021 ጥር ጭራሹን ቀረ።

የስቴፕ ዋን ውጤትም ቢሆን ሥራው ያለፈውን ካላለፈው መለየት ነበር። ሬዚደንሲ የሚቀበሉት ሆስፒታሎች ግን አመልካች ማበጠሪያ ወንፊት አደረጉት። ማለፍ አልበቃ አለ፤ ከሌላው መብለጥ መጣ። በጥር 2022 ቁጥሩ ቀርቶ «አለፈ፣ ወደቀ» ብቻ ሆነ። ሩጫው ቆመ? የለም፤ ወደሚቀጥለው ስቴፕ ተዛወረ።

እኛስ ዘንድ?

በአገራችንም ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የሕክምና ተመራቂ ብሔራዊ የብቃት ምዘና ይፈተናል። ፈተና ይቅር የምንል እንዳይመስላችሁ። ያለ ፈተና የሞተውን የባግዳዱን ሰው አንረሳም። ጭንቀታችን ሌላ ነው፤ በሽተኛን ለመጠበቅ የተፈጠረ ነገር፣ በሽተኛ የማይታሰብበት እሽቅድምድም እንዳይሆን።

እሑድ ጓደኛችን ቤት ሳለን ጎረቤቷ እትዬ በሩን አንኳኩ። «ልጄ፣ ደረቴን ያዝ አድርጎኛል፤ አንድ ኪኒን ስጪኝ» አሏት። ላፕቶፑን ዘጋች። አስቀመጠቻቸው፣ ጠየቀቻቸው፣ እጃቸውን ይዛ ትርታቸውን ቆጠረች። ከዚያም «እትዬ፣ ይሄ እኔ እዚህ የምጨርሰው አይደለም፤ ሆስፒታል መታየት አለብዎት» ብላ እኛን ታክሲ ፍለጋ አስሮጠችን። አብራቸው ሄደች። የዚያ ቀን ጥናቷ ቀረ።

ሲናን ቢያያት ያሳልፋት ነበር እንላለን። እናንተስ?