ጓያ፣ ጡንቻና በአጥር የተያዘ እንስሳ

ጓያ የሰበረውን ሰው በጣና ዙሪያ ከሰባታሚት እስከ ፎገራና ደምቢያ ያለ ገበሬ ከሩቅ ይለየዋል። ጉልበቱ ተገትሮ፣ በእግሩ ጣቶች ጫፍ እየረገጠ፣ እግሮቹን እንደ መቀስ እያጠላለፈ በዱላ ይሄዳል። ሲያዩት ጡንቻው የታመመ ይመስላል፤ የተጎዳው ግን ነርቩ ነው። በጓያ ፍሬ ውስጥ ያለው ኦዳፕ የተባለ አሚኖ አሲድ ግሉታሜት የተባለውን የነርቭ መልእክተኛ ስለሚመስል፣ እግርን የሚያዝዙትን ነርቮች ከልክ በላይ ቀስቅሶ ይጎዳል። አንዴ የደረሰ ጉዳት አይመለስም።

ጡንቻን ራሱን የሚያፈርስ መርዝ በአውሮፓ ግጦሽ ይገኛል። የሲካሞር ሜፕል ዛፍ ዘርና ቡቃያ ሃይፖግሊሲን ኤ ይዟል። ይህ መርዝ ሰውነት ስብን ወደ ኃይል የሚለውጥበትን መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ ያለ ዕረፍት የሚሠሩት የአቋም፣ የመተንፈሻና የልብ ጡንቻዎች ይሞታሉ፤ ሽንት ይጠቁራል፤ ብዙዎቹም እንስሳት በጥቂት ቀናት ውስጥ ያልቃሉ። መጀመሪያ በፈረሶች ላይ የታወቀው ይህ በሽታ በኋላ በመካነ እንስሳት በሚጠበቁ የፔር ዳቪድ አጋዘኖችና ባለ ሁለት ሻኛ ግመሎች ላይም ታይቷል።

ሁለቱ መርዞች በሰውነት ውስጥ የሚሠሩት ለየቅል ነው። ሰለባቸውን የሚያገኙበት ሁኔታ ግን አንድ ይመስለኛል፤ አማራጭ ማጣት። አጥር ውስጥ ያለ አጋዘን ሣሩ ሲያልቅበት ሌላ ሜዳ መፈለግ አይችልም። በ19ኛው መቶ ዘመን በብሪታኒያ ከተሞች የጓያ ዘር ይቀለቡ የነበሩ የጋጣ ፈረሶችም የቀረበላቸውን በልተው ማንቁርታቸው ሽባ ሆኗል። የሚያመሰኩ ከብቶች የጓያውን መርዝ በጨጓራቸው ባሉ ረቂቅ ሕዋሳት እርዳታ የተሻለ ይቋቋሙታል፤ የእኛም በሬ የጓያ ገለባ ይበላል።

ጓያ በጥቁር አፈር ላይ ክረምቱ ካለፈ በኋላ በቀረ እርጥበት ይበቅላል፤ ሌላው ሰብል ሲከዳ ማሳው ላይ የሚቀረው እሱ ነው። ለሁለትና ሦስት ወር ዋና ምግብ ሲሆን ይሰብራል። ገበሬው በሽታውን ያመጣል ብሎ ጓያ የሚቀቀልበትን ድስት እንፋሎት ይፈራል። ኃይለኢየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ጥናት ግን ጣቱን የቀሰረው በአበላሉ ላይ ነው፤ እሸቱ፣ ቆሎውና ንፍሮው አደጋውን ሲያበዙ፣ ከእህል ጋር መደባለቁና በነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በተሠራ ወጥ መብላቱ ይቀንሱታል። ከዚህ አንጻር «ጓያ አትብሉ» ማለት ብዙም አይረዳም፤ በድርቅ ዓመት የእርዳታ እህል ጓያው ብቻውን ገበታውን ከመያዙ በፊት መድረስ አለበት።