የግድግዳ ልብስ፦ ኖራ፣ ሲሚንቶና የሐረር የድንጋይ ቤቶች እንክብካቤ ታሪክ

(በትምህርት ክፍሉ የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ)



የሕንፃ ታሪክ ስንጽፍ ዘወትር የምናነሣቸው ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፦ ማን ሠራው? መቼ ሠራው? በምን ሠራው? አራተኛው ጥያቄ፣ ማለትም ከተሠራ በኋላ ማን አቆየው የሚለው፣ እምብዛም አይነሣም። የሠሪው ስም በዜና መዋዕል ይጻፋል፤ በየዓመቱ ግድግዳውን የለሰነችው፣ ወለሉን የቀባችው፣ ስንጥቁን የደፈነው ግን ስም የላቸውም። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ አራተኛ ጥያቄ ነው፤ ማስረጃዬንም የምወስደው ከሐረር ጁገል መኖሪያ ቤቶች ነው።

ሐሳቤን በመጀመሪያ በአጭሩ ላስቀምጥ። የድንጋይ ግድግዳ ዕድሜውን የሚያገኘው ከድንጋዩ ጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ በየጊዜው ከሚታደሰው ስስ ልባሱም ነው። ይህ ልባስ እንዲያልቅና እንዲተካ ሆኖ የታሰበ ነበር። አንድ ጊዜ ተሠርቶ ለዘለዓለም ይበቃል በተባለ ቁስ በተተካ ጊዜ የተለወጠው የግድግዳው መልክ ብቻ አልነበረም፤ ቤቱን ያቆየው የሥራ ሥርዓትም አብሮ ተለወጠ።

፩. ቤቱና ግድግዳው

ሐረር በድንጋይ ቅጥር የታጠረች ከተማ ናት። የቅጥሩ ግንባታ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከገዙት ከአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ስም ጋር ተያይዞ ይነገራል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ከተማዋን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ከመስጊዶቿና ከአድባራቷ ጎን ለጎን የመኖሪያ ቤቶቿን የውስጥ አሠራር ልዩ ዋጋ ሰጥቶታል። ይህ ለርእሳችን ታላቅ ትርጉም አለው። ቅርሱ ሰው የሚተኛበት፣ ቡና የሚፈላበት፣ ሙሽራ የሚገባበት ቤት ነው፤ ጠባቂውም ነዋሪው ነው።

የባህላዊው ቤት፣ ሐረሪዎች «ጌ ጋር» የሚሉት፣ ግድግዳው «ሐሺ» በሚባለው የአካባቢው ኖራ ነክ ድንጋይ ተገንብቶ በጭቃ ይያያዛል፤ ከውስጥም ከውጭም በኖራ ይለበጣል። በዋናው ክፍል፣ በ«ጊዲር ጋር»፣ በከፍታ የሚበላለጡ አምስት መደቦች አሉ፤ ሰው እንደ ዕድሜውና እንደ ክብሩ ይቀመጥባቸዋል። ከመግቢያው ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ «ጣቄት» የሚባሉ መስኮት መሰል ጓዳዎች ተቦርቡረዋል። ወለሉና መደቦቹ በቀይ አፈር ይቀባሉ፤ ቀይ መሆኑንም ብዙዎች እ.ኤ.አ. በ1887 በጨለንቆ ጦርነት ከፈሰሰው ደም ጋር ያያይዙታል። ስለዚህ የቤቱ ገጽታ ሁሉ፣ ነጩ ግድግዳም ቀዩ መደብም፣ በእጅ የሚቀባና በእጅ የሚታደስ ነው።

እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ወደ ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ቤቶቹ ካልተጠረበ ድንጋይ የተሠሩና በጭቃ የተያያዙ መሆናቸውን ጽፏል። ምልከታው ለግንባታ ታሪክ ጠቃሚ ነው፤ ግድግዳውን ያያያዘው ኖራ ሳይሆን ጭቃ እንደነበር ያስረዳናል። ነገር ግን በርተን በከተማይቱ የቆየው ለዐሥር ቀናት ያህል ብቻ ነው። መንገደኛ ግድግዳን የሚያየው በአንድ ቅጽበት ነው፤ እንክብካቤን ለማየት ግን ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ አብሮ መክረም ያስፈልጋል። የታሪክ ምንጮቻችን አንዱ ድክመት ከዚህ ይመነጫል፦ የተሠራውን ይነግሩናል፤ የሚደጋገመውን ግን አይነግሩንም።

፪. ኖራ፦ ቃሉና ቁሱ

የጽሑፍ ምንጭ በሳሳበት ቃላት ራሳቸው ጥቂት ይመሰክራሉ። «ኖራ» የሚለው ቃላችን ከዐረብኛው «ኑራ» ጋር አንድ ነው። በጎንደር ዙሪያ ለኖራ ማያያዣ የሚሠራበት «ቹና» የሚለው ስያሜ ደግሞ በሕንድ ቋንቋዎች ኖራ ማለት ነው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1607–1632) በአገራችን የነበሩ የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ጽሑፎችም ለኖራ የሚሆነውን ድንጋይ ለይቶ ያሳየው ከሕንድ የመጣ ሰው እንደነበር ይተርካሉ። ቃል ብቻውን ቁሱ በዚያው መንገድ መግባቱን አያረጋግጥም፤ ሆኖም ሁለቱ ስሞች የቀይ ባሕርንና የሕንድ ውቅያኖስን የእጅ ሙያ ትስስር ያስታውሱናል።

ቁሱን በሚመለከት ኖራ ዑደት ያለው ነገር ነው። የኖራ ድንጋይ እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲቃጠል በውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። የተቃጠለው ድንጋይ ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ይፈረካከሳል፣ እንደ እርጎ ያለ ነጭ ልቁጥ ይሆናል። ግድግዳ ላይ ሲቀባ ደግሞ ያንኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ቀስ በቀስ መልሶ ይወስድና እንደገና ድንጋይ ይሆናል። እንግዲህ ግድግዳውን በኖራ የሚቀባ ሰው ድንጋዩን በስስ ድንጋይ ማልበሱ ነው።

የዚህ ልብስ ጥበብ ከልብሱ ድክመት ጋር የተሳሰረ ነው። በሐሺ ድንጋይና በጭቃ የተሠራ ግድግዳ ውሃን ፈጽሞ ሊከለክል አይችልም፤ ከመሬት ይስባል፣ ከዝናብ ይጠጣል። ዋናው ጉዳይ የገባው ውሃ መውጫ ማግኘቱ ነው። ኖራ ረቂቅ ቀዳዳዎች ስላሉት እርጥበቱን በገጹ ያተናል። ውሃው ያሟሟው ጨው በልስኑ ላይ ደርቆ ልስኑን ያረግፈዋል፤ ድንጋዩ ግን ይተርፋል። ልስኑ የረገፈበትን ቦታ ነዋሪው በቀጣዩ በዓል ወይም ሠርግ ዋዜማ መልሶ ይለስነዋል። የላይኛው ልባስ መርገፍ የታችኛው ድንጋይ መትረፊያ ነበር። ልብስ የሚያልቀው ገላ እንዳያልቅ ነውና።

፫. ሲሚንቶና የዘላቂነት ተስፋ

ጆሴፍ አስፕዲን የተባለ እንግሊዛዊ ግንበኛ እ.ኤ.አ. በ1824 ለፖርትላንድ ሲሚንቶ የፈጠራ መብት አወጣ። የዛሬው ሲሚንቶ የኖራ ድንጋይ ከሸክላ አፈር ጋር ተደባልቆ እስከ 1,450 ዲግሪ ገደማ ተቃጥሎ የሚገኝ ነው። በአገራችን የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው በድሬዳዋ፣ ከሐረር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ነው። የኖራ ድንጋይ ሀብቱ ለዚህ አንዱ ምክንያት ነበር። እንግዲህ ኖራም ሲሚንቶም የአንድ ዓይነት ድንጋይ ልጆች ናቸው፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው።

ሲሚንቶ ፈጥኖ ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ ዓመታዊ ቅብ አይጠይቅም። የቤት ባለቤት ቢመርጠው የሚያስወቅሰው አይደለም። ችግሩ የሚነሣው ጠንካራው ከለስላሳው ላይ ሲለጠፍ ነው። ግድግዳው በሙቀትና በእርጥበት ሲላወስ ግትሩ የሲሚንቶ ልስን ይሰነጠቃል፤ ዝናብ በስንጥቁ ይገባል፤ ሲሚንቶው እንደ ኖራ ስለማይተነፍስ ውሃው ወደ ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል። ድንጋዮቹን ያያያዘው ጭቃ ይላላል፣ ጨው ከልስኑ ጀርባ ይጠራቀማል፣ በመጨረሻም ልስኑ በሰፊው ሲገነጠል የድንጋዩን ገጽ ይዞት ይወርዳል። በኖራ ላይ የሚቀቡ የዘይትና የፕላስቲክ ቀለሞችም በመጠኑ ይህንኑ ያደርጋሉ። በኖራ ዘመን ድንጋዩን ለማዳን ልስኑ ይረግፍ ነበር፤ አሁን ልስኑ ጸንቶ ድንጋዩ ይረግፋል። ከውጭ ሲታይም ግድግዳው እስኪገነጠል ድረስ ደኅና ይመስላል።

፬. ስሕተቱ የማን ነበር?

አንዳንድ ጊዜ ይህ ታሪክ «ነዋሪው ቅርሱን ባለማወቅ አበላሸው» ተብሎ ይነገራል። ይህ አነጋገር ከታሪክ ጋር አይስማማም። እ.ኤ.አ. በ1931 በአቴንስ የተሰበሰቡት የዓለም የሕንፃ ባለሙያዎች ለጥንታዊ ሐውልቶች ጥገና ዘመናዊ ቁሶችን፣ በተለይም በብረት የተጠናከረ ኮንክሪትን፣ በጥንቃቄ መጠቀምን ደግፈዋል። በዚያችው ከተማ መሐንዲሱ ኒኮላዎስ ባላኖስ የአክሮፖሊስን እብነ በረድ በብረት ማያያዣዎች ሲያጣምር ሥራው የዘመኑ ምርጥ ዕውቀት ነበር። ብረቱ ዝጎ ሲያብጥ ግን እብነ በረዱን ሰነጠቀው፤ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮም የተተከለው ብረት እየወጣ በታይታኒየም መተካት ነበረበት። በእኛም አገር በጎንደር የፋሲል ግቢ በሲሚንቶ የተደረጉ ጥገናዎች ኋላ ላይ ተገቢ አለመሆናቸው ታውቆ ወደ ኖራ ማያያዣ መመለስ አስፈልጓል።

ታላላቅ ሊቃውንት በአክሮፖሊስ ላይ የሳቱትን አንድ የሐረር አባወራ በጓዳው ግድግዳ ላይ ቢስት የሚያስገርም አይደለም። የጋራው ስሕተት ቁስን ከመምረጥ የሚቀድም ነው፦ ጥገናን እንደ አንድ ጊዜ ክንውን፣ እንክብካቤን ደግሞ እንደ ድክመት ምልክት ማየት። እንግሊዛዊው ዊሊያም ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1877 የጥንታዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበርን ከባልንጀሮቹ ጋር ሲመሠርት የተከራከረው ይህን አስተሳሰብ ነበር። ዕለታዊ እንክብካቤ የተደረገለት ሕንፃ እድሳት አያስፈልገውም የሚል ነበር አቋሙ።

፭. የእንክብካቤ ባለቤትነት

እዚህ ላይ ከቁስ ታሪክ ወደ ማኅበራዊ ታሪክ እንሸጋገራለን። ልስን የሚታደሰው የሚያድሰው ሰው ምክንያት ሲኖረው ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነ ቤቶች በቀበሌ አስተዳደር ሥር ዋሉ። የአዋጁን ፍትሐዊነት መመዘን የዛሬ ጉዳዬ አይደለም፤ በብዙ ከተሞቻችን ያስከተለው አንድ ውጤት ግን ለርእሳችን ያስፈልገናል። የቀበሌ ቤት ነዋሪ ቤቱ የእርሱ ስላልሆነ ለእድሳት ገንዘብ ማውጣት አይደፍርም፤ አስተዳደሩም ከዝቅተኛው ኪራይ ለጥገና የሚተርፍ አያገኝም። በሁለቱ መካከል ትንሹ ስንጥቅ ባለቤት አጣ። ትንሽ ስንጥቅ ደግሞ በጭቃ ለተያያዘ ግድግዳ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሥራውም ዋጋውን አጣ። ኖራ መቀባት፣ መደብ ማቅላት፣ ጣቄት ማጽዳት በአመዛኙ በቤት ውስጥ የሚከናወን በመሆኑ እንደ ሙያ አልተቈጠረም፤ ስለዚህም አልተመዘገበም። ሙያ የሚሻገረው በእጅ ነው፤ አንድ ትውልድ ካቋረጠው ለቀጣዩ የሚያሳየው ሰው አይገኝም። ዛሬ ኖራን ወደ ሐሺ ግድግዳ እንመልስ ብንል ኖራው በገበያ ይገኛል፤ ልቁጡ ምን ያህል መቆየት እንዳለበት፣ ግድግዳው አስቀድሞ ምን ያህል መራስ እንዳለበት፣ ስንት ስስ ቅብ እንደሚደረብ የምታውቅ እጅ ግን እያነሰች ነው።

፮. ከታሪክ ወደ ተግባር

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ የድንጋይ ቤት ጥገና ከውሃ ይጀምር። ጣሪያው የሚያፈሰውን፣ ከግድግዳው ሥር የሚተኛውን ውሃ ሳያርቁ ልስን መቀየር ከንቱ ድካም ነው። ሁለተኛ፣ በአሮጌ ግድግዳ ላይ የሚደረብ ቁስ ከግድግዳው የለሰለሰና ውሃን የሚያስተነፍስ ይሁን። ነባሩን ሲሚንቶ ለማንሣትም አይቸኮል፤ ከድንጋዩ ጋር አጥብቆ የያዘውን በመዶሻ መንቀል ከመተው የበለጠ ሊጎዳ ይችላል። የላላው በጥንቃቄ ተነሥቶ በኖራ ይተካ፤ የቀረው ጊዜውን ይጠብቅ።

ሦስተኛው እናንተን፣ ተማሪዎችን፣ ይመለከታል። የቅርስ ጥናት ስትሠሩ የግንባታውን ዘመን ብቻ አትመዝግቡ። ከባለቤቲቱ ጋር ተቀምጣችሁ፦ ኖራው ከየት ይመጣ ነበር? ማን ያቦካው ነበር? በየስንት ጊዜው ይቀባ ነበር? መቼ ቆመ? ለምን ቆመ? ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ በአብያተ መዛግብት ውስጥ አይገኝም፤ በሕይወት ባሉ እናቶችና አባቶች ዘንድ ግን አለ። ይህ ምንጭ እንደ ብራና መደርደሪያ ላይ ሆኖ አይጠብቀንም።

ለእድሳት የሚመደብ በጀት በሪባን ቈረጣ ይጠናቀቃል፤ እንክብካቤ ግን መጨረሻ የለውም። የሐረር ቤቶች እስከ ዛሬ የቆሙት የማይፈርሱ ሆነው ስለተሠሩ አይደለም። በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት የሚፈርሰውን በየዓመቱ መልሶ የሚያለብስ ሰው ስለነበራቸው ነው። ያ ሰው ማን እንደነበረ መጻፍ የእኛ የታሪክ ጸሐፊዎች ዕዳ ነው፤ ከእንግዲህ ማን እንደሚሆን መወሰን ደግሞ የሁላችንም።