ቅድሚያ ስላለው ብቻ ማን አለፈ?

ከአምባ ጊዮርጊስ በዳባትና በደባርቅ አልፎ ሊማሊሞን የወረደ ሰው ይህን ታሪክ ለመረዳት አይቸግረውም። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ጠርቦ ባወጣው ጠባብ መንገድ ላይ፣ ከፊት የጭነት መኪና ከቆመ አምቡላንስ ቢጮህም አያልፍም።

ሰኔ 27 ቀን 1989 ዓ.ም. ማርስ ላይ ያረፈችውን ፓዝፋይንደርንም የገጠማት ይኸው ነው። ኮምፒውተሯ ሥራዎችን በቅድሚያ ደረጃ እያፈራረቀ ያሠራል። ዝቅተኛው የአየር ጠባይ ሥራ የጋራውን ቁልፍ እንደያዘ መካከለኛ ሥራዎች አቋረጡት። ቁልፉን የሚጠብቀው ከፍተኛ ሥራም ቆሞ ቀረ፤ ኮምፒውተሯ በተደጋጋሚ ጠፍታ ተነሳች። መሐንዲሶቹ ከምድር ሆነው መላ ላኩ፦ ቁልፍ የያዘው ትንሽ ሥራ፣ የሚጠብቀውን ትልቅ ሥራ ደረጃ ለጊዜው ይውረስ።

ለእኛም ቢሮዎች ትምህርት ነው። ደብዳቤ ላይ «አስቸኳይ» ብሎ ማኅተም መምታት አይበቃም፤ ቁልፉ በእጁ ያለውን ትንሹን ሠራተኛ መጀመሪያ አስጨርሱት።