የኩቤክ መስቀል

በካናዳ ምድር፣ በቅዱስ ሎራን ወንዝ ግራና ቀኝ የሰፈረው ፈረንሳይኛ ተናጋሪው የኩቤክ ሕዝብ፣ አገሩ በእንግሊዝ እጅ ከወደቀ በኋላ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1774 በወጣው ድንጋጌ ካቶሊካዊ ሃይማኖቱን እንደ ያዘ እንዲኖር ስለ ተፈቀደለት፣ ቤተ ክርስቲያን የጸሎቱ ስፍራ ብቻ ሳትሆን የልሳኑም ጠባቂ ሆነችለት። ልጆቹን የሚያስተምሩ፣ ድውያኑንም የሚያስታምሙ ካህናትና ደናግል ነበሩ፤ ይህን ውለታ መዘንጋት ግፍ ይመስለኛል።

በ1960 ዣን ለሳዥ የኩቤክ መንግሥት መሪ ሆነው ሥልጣን ከያዙ ወዲህ ግን፣ «ጸጥተኛው አብዮት» በተባለው ዘመን፣ መንግሥት ትምህርቱንና ሕክምናውን ከቤተ ክህነት እጅ ተረከበ፤ በ1964 የትምህርት ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ ምእመናኑም፣ ማንም ሳያሳድዳቸው፣ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ከቅዳሴ ራቁ።

በ1936 በኩቤክ ሕግ አውጪ ምክር ቤት፣ ከአፈ ጉባኤው ወንበር በላይ የተሰቀለው የስቅለት ምስል እስከ 2019 ቆይቶ ወረደ፤ በዚያው ዓመት የወጣው ሕግም የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን፣ ዐቃብያነ ሕግና ፖሊሶች በሥራ ላይ የሃይማኖት ምልክት እንዳይለብሱ ከለከለ። ሕዝቡ ከገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ጋር የነበረው የቆየ ሙግት፣ ያን ሙግት ፈጽማ በማታውቅ፣ ከሰሜን አፍሪካ መጥታ ሂጃብ ለብሳ ፊደል በምታስቈጥር ሴት ላይ ማረፉ እጅግ ያሳዝነኛል፤ የሕጉ ረቂቅ ለምክር ቤቱ ሳይቀርብ የተቀጠሩት በያዙት ሥራ እስካሉ ድረስ ቢፈቀድላቸውም፣ ከዚያ በኋላ የምትመጣው ግን ከሂጃቧና ከመምህርነቷ አንዱን እንድትመርጥ ተገዳለች።