የድንገተኛ ክፍል ነርስ

የድንገተኛ ክፍል ነርስ በሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውስጥ በሕመም፣ በአደጋ ወይም በመመረዝ ምክንያት አስቸኳይ እርዳታ ለሚያስፈልጋቸው ሰዎች አገልግሎት የሚሰጥ፣ የተመዘገበና የሙያ ፈቃድ ያለው ነርስ ነው። በተኝቶ ሕክምና ክፍል የሚሠራ ነርስ ታካሚውን የሚረከበው ብዙውን ጊዜ ሕመሙ ከታወቀ በኋላ ነው። የድንገተኛ ክፍል ነርስ ግን ሕመሙ ገና ያልታወቀ ሰው ይቀበላል። ስለዚህ «ምን ይዞታል?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «መጠበቅ ይችላል ወይ?» የሚለውን መመለስ ይኖርበታል።

== ልየታ (ትሪያጅ) ==

ታካሚዎችን እንደ ሕመማቸው ክብደት በቅደም ተከተል መለየት ትሪያጅ ይባላል። ቃሉ የመጣው «መለየት» የሚል ትርጉም ካለው የፈረንሳይኛ ግሥ ነው። የናፖሊዮን ጦር ቀዶ ሐኪም የነበረው ዶሚኒክ ዣን ላሬ ቁስለኞች በማዕረጋቸው ሳይሆን በጉዳታቸው ክብደት እንዲታከሙ በማድረጉ የዚህ አሠራር ጀማሪ ተደርጎ ይጠቀሳል።

በአፍሪካ በስፋት ከሚታወቁት የልየታ ዘዴዎች አንዱ የደቡብ አፍሪካው ነው። ታካሚዎችን በቀለም ይመድባል፦

* ቀይ፦ ወዲያውኑ መታከም ያለበት
* ብርቱካናማ፦ በ10 ደቂቃ ውስጥ
* ቢጫ፦ በ1 ሰዓት ውስጥ
* አረንጓዴ፦ በ4 ሰዓት ውስጥ
* ሰማያዊ፦ ሕይወቱ ያለፈ

ነርሱ ምደባውን የሚሰጠው የትንፋሽ ብዛትን፣ የልብ ምትን፣ የደም ግፊትንና የሰውነት ሙቀትን ለክቶ፣ ታካሚው መራመድ መቻሉንና አደጋ ደርሶበት እንደሆነ አይቶ ነው። ንቃትም በአራት ደረጃ ይታያል፦ ንቁ የሆነ፣ ሲጠሩት የሚመልስ፣ ሲያሳምሙት ብቻ የሚመልስ እና ምንም የማይመልስ።

የጩኸት መጠን የሕመሙን ክብደት አያሳይም። እግሩ ተሰብሮ የሚጮኽ ሰው ቢያንስ አየር እየሳበ፣ ድምፅም እያወጣ ነው። በእናቱ እቅፍ ዝም ብሎ የፈዘዘ፣ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ሕፃን ግን ከእርሱ ይቀድማል።

== ተግባራት ==

በጠና የታመመ ሰው ሲመጣ ነርሱ በቅድሚያ የአየር መተላለፊያውን፣ ቀጥሎ ትንፋሹን፣ ከዚያም የደም ዝውውሩን ይመለከታል። ብዙ ደም የሚፈስ ከሆነ ወዲያውኑ ይገታል። ከዚህ ጋር ኦክስጅን መስጠት፣ የደም ሥር መክፈት፣ የደም ስኳር መለካትና የታዘዘ መድኃኒት መስጠት የዘወትር ሥራው ናቸው። ራሱን ስቶ የመጣ ሰው ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ስለሚችል የስኳር ልኬት አይዘለልም። ደረቱን ለሚያመው ሰው የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ በደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ እንዲነሣ ይመከራል።

የአዋቂ ሰው ልብ ሲቆም ደረቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይጫናል። ይህ አድካሚ በመሆኑ በየ2 ደቂቃው ሰው ይቀያየራል።

የመሣሪያ ንባብም ከቦታው ጋር መታየት አለበት። አዲስ አበባን በመሰሉ ከፍተኛ ቦታዎች የጤነኛ ሰው የደም ኦክስጅን መጠን በባሕር ጠረፍ ካለው ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል።

== የሥራው ፈተናዎች ==

ወረፋው በመጡበት ሰዓት ቅደም ተከተል ስለማይሄድ፣ ቀድመው የደረሱ አስታማሚዎች እንደተበደሉ ሊሰማቸው ይችላል። ቁጣውን የሚቀበለው ደግሞ በር ላይ ያለው ነርስ ነው። ስድብና ድብደባ በብዙ አገሮች የሙያው የታወቀ አደጋ ነው። ለምን እንደሚጠብቁና ምን ለውጥ ካዩ ወዲያው መጥራት እንዳለባቸው መንገር ቁጣውን ከማብረድ አልፎ ሕይወት ሊያድን ይችላል። በቢጫ ተመድቦ የተቀመጠ ሰው ሳይታሰብ ወደ ቀይ ሊሸጋገር ስለሚችል፣ የሚጠብቁት በየጊዜው እንደገና ይለካሉ።

የፈረቃ ርክክብም ጥንቃቄ ይጠይቃል። የተሰጠ መድኃኒት ካርዱ ላይ ካልተጻፈ ተረኛው ነርስ ሊደግመው ይችላል።

== በኢትዮጵያ ==

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በድንገተኛ ሕክምና የሐኪሞች ስፔሻሊቲ ሥልጠና የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ሲሆን፣ ማዕከሉ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። ዩኒቨርሲቲው ለነርሶችም በድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን ነርሲንግ የማስተርስ ትምህርት ይሰጣል። አምቡላንስ ሳያገኙ በታክሲ፣ በባጃጅ ወይም በሰው ሸክም የሚመጡ ታካሚዎች ብዙ ናቸው። ለእነዚህ ሰዎች የመጀመሪያው የሕክምና እርዳታ የሚጀምረው ከድንገተኛ ክፍል በር፣ ከነርሱ እጅ ነው።