የጤና ሠራተኛው ስለ ኤች.አይ.ቪ ከማን ተማረ?

ስለ ኤች.አይ.ቪ/ኤድስ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ሕዝቡ ራሱን እንዴት እንደሚጠብቅ ነው። ዛሬ ግን ሌላ ጥያቄ እናንሳ፤ የሚያክመው ሰውስ ከማን ተማረ? ነርሱም፣ ድሬሰሩም፣ አዋላጇም በሽታውን ሲወለዱ ይዘውት የመጡት ዕውቀት አልነበረም። እነሱም እንደ ሁላችን በፍርሃት ነው የጀመሩት።

በሽታው ለመጀመሪያ ጊዜ በአሜሪካ የተመዘገበው በ1981 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ቫይረሱ በ1983 በፓሪስ ተገኘ፤ የደም ምርመራው በ1985 ወጣ። በኢትዮጵያ ቫይረሱ መኖሩ በ1984 በተወሰደ ደም ታወቀ፤ የመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች የተመዘገቡት ደግሞ በ1986 ነው። ሱዳንም የመጀመሪያ ታማሚዋን በዚያው ዓመት መዘገበች። ያኔ መድኃኒት የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ በብዙ አገር የጤና ሠራተኛው በሽተኛ መንካት ፈራ፤ አልጋ ለብቻ ተለየ፤ ካርድ ላይ ምልክት የሚያደርግም ነበር።

ፍርሃቱን የሰበረው ቀላል የሆነ ትምህርት ነው። በ1987 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ባወጣው መመሪያ የማንኛውም ሰው ደም ቫይረሱ እንዳለበት ተቆጥሮ ለሁሉም እኩል ጥንቃቄ እንዲደረግ መከረ። ማን እንደተያዘ በዓይን አይለይማ! ጓንት ይደረጋል፣ ያገለገለ መርፌ ክዳኑ አይመለስም፣ ስለት በማይበሳው ሣጥን ይጣላል። ጥናቶችም እንዳሳዩት ቫይረሱ ያለበት መርፌ ከወጋቸው 1,000 የጤና ሠራተኞች የሚያዙት 3 ገደማ ናቸው። በ72 ሰዓት ውስጥ መድኃኒት ጀምሮ 28 ቀን የወሰደ ደግሞ አደጋው ከዚያም በጣም ይቀንሳል። ይህን የሚያውቅ ነርስ ከበሽተኛው አይሸሽም።

ወደ ስደተኛ ጣቢያ ግን ትምህርቱ የገባው ዘግይቶ ነው። ገዳሪፍ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ስደተኛ ስትቀበል የኖረች ናት። በ1984 እና በ1985 የረሃብ ዘመን የጣቢያ ክሊኒኮች ትግል ከኩፍኝ፣ ከተቅማጥና ከረሃብ ጋር ነበር። ከ1994ቱ የሩዋንዳ እልቂትና ስደት በኋላ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችና ሌሎች የእርዳታ ድርጅቶች በአደጋ ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት አንሥቶ መሠራት ያለበትን በአንድ ላይ አዘጋጁ። ጓንትና ንጹሕ መርፌ፣ ነጻ ኮንዶም፣ ለወላዶች ንጹሕ የመውለጃ ዕቃ፣ ለተደፈሩ ሰዎች ሕክምና በዝርዝሩ ውስጥ ገቡ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል፤ ጓንት ለሌለው ሠራተኛ ስለ ጓንት ማስተማር ባዶ ቃል ነው። ዕውቀቱና ዕቃው አብረው መድረስ አለባቸው።

ዕውቀት ሁልጊዜ ከሩቅ አገር የሚመጣ ደግሞ አይደለም። ከፋሽጋ ማሳዎች ማዶ፣ በሑመራ፣ በአብደራፊና በመተማ፣ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች በአሸዋ ዝንብ ንክሻ በሚተላለፈው ካላዛር ይታመማሉ። በ1990ዎቹ መጨረሻና ከዚያ በኋላ ሐኪሞችና ነርሶች አንድ ነገር አዩ፤ ካላዛርና ኤች.አይ.ቪ አብረው የያዙት ሰው ድኗል ሲባል በሽታው ያገረሽበታል፤ የተለመደው መርፌም ለሱ መርዝ እስኪሆን ይከብደዋል። ከዚህ የተነሳ የካላዛር በሽተኛ ሁሉ የኤች.አይ.ቪ ምርመራ እንዲያገኝ ሆነ። በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት ለነዚህ ሰዎች ሁለት መድኃኒት አጣምሮ መስጠትን መከረ። ለምክሩ መነሻ ከሆኑት ጥናቶች አንዱ የተሠራው በአብደራፊና በጎንደር ነው። እንግዲህ ይህ የድንበር አካባቢ ዓለምን አስተምሯል ማለት ነው።

ሌላው ትልቅ ለውጥ የመጣው ከመድኃኒቱ ጋር ነው። በኢትዮጵያ የዕድሜ ማራዘሚያው መድኃኒት በ2003 በክፍያ፣ በ2005 ደግሞ በነጻ መሰጠት ጀመረ። ሐኪም ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሠልጥነው መድኃኒቱን ማስጀመርና መከታተል ቻሉ። በ2003 በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም 10ኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች አንድ ዓመት እየሠለጠኑ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ፤ ቁጥራቸውም ከ30,000 በላይ ደረሰ። የሥራ ድርሻን ከሐኪም ወደ ሌሎች የጤና ሠራተኞች ስለ ማሸጋገር የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጉባኤ በጥር 2008 የተካሄደውም አዲስ አበባ ነው። ተማሪዎቻችን ይህን ልብ በሉ፤ ያን ሥራ የሠሩት እንደናንተ በክፍል ውስጥ ተቀምጠው የነበሩ ልጆች ናቸው።

በኅዳር 2020 በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው በሃምዳይት በኩል ተሻገረ። ኡም ራኩባ እንደገና ተከፈተ፤ በ2021 መጀመሪያ ቱናይድባ ተጨመረ። በሚያዝያ 2023 ደግሞ በሱዳን ጦርነት ተነሳ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ካርዱንና ኪኒኑን ጥሎ የወጣ ሰው አለ። መድኃኒቱ ከተቋረጠ ቫይረሱ ተመልሶ ይበዛል፤ እርጉዝ እናት ካቋረጠች ደግሞ ለልጁም ይተርፋል። ያ ሰው በመጀመሪያ ቀን ለጤና ሠራተኛ “መድኃኒት ላይ ነበርኩ” ብሎ መናገር አለበት። የሚናገረው ግን ምስጢሩ እንደሚጠበቅለት ካመነ ብቻ ነው።

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” ይባላል። ተረቱ የሚወቅሰው በሽተኛውን ብቻ ነው። ያለፉት ዓመታት ታሪክ ግን የሚሰማውንም ይጠይቃል፤ ሰምቶ ካወራ፣ ካገለለ፣ በሽተኛው ነገም ይደብቃል። በጣቢያ ውስጥ ድንኳን ከድንኳን ተጠጋግቶ ሲኖር ወሬ ይፈጥናል። ስለዚህ ለክሊኒክ ረዳትነት፣ ለአስተርጓሚነት ወይም ለጤና ቅስቀሳ የሚመረጥ ወጣት ጓንት ማድረግን በሚማርበት ቀን ምስጢር መጠበቅንም ይማር። መምህራንም በክፍላችሁ ተወያዩበት።